የአርመኖች ታሪክ የውለታ ሒሳብ አይደለም

በአዳማም ሆነ በሞጆና በመተሐራ የአርመኖች ነገር ሲነሣ የሚነገረው ትረካ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው አዘኑላቸው፤ አርባውን ወደ አገራችን አመጧቸው፤ ልጆቹም ውለታውን በሙዚቃ መለሱ፤ ከአብዮቱ በኋላ ማኅበረሰቡ ተበተነ፤ ታሪኩም ተዘጋ። ይህ አመለካከት ከቅን ልብ የመነጨ ነው፤ ዋናው ክንውንም እውነት ነው። ስሕተቱ ከዚህ እውነት በሚወጡት ሦስት መደምደሚያዎች ላይ ነው።

አንደኛ፣ ትረካው ከፊሉን እንደ ሙሉ ይቈጥራል። አርመኖች ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቁት በ«አርባ ልጆች» አይደለም። በእቴጌ እሌኒ ዘመን ወደ ፖርቱጋል የተላከው ማቴዎስ አርመናዊ ነበር፤ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺው ቤድሮስ ቦያጂያንም ከልጆቹ ቀድሞ መጥቷል። የኦቶማን መንግሥት በአርመኖች ላይ ከፈጸመው እልቂት የተረፉትም ቢሆኑ ሁሉም ከአርባዎቹ ወገን አይደሉም። ሙዚቀኛው ነርሲስ ናልባንዲያን በአይንታብ የተወለደው እልቂቱ በጀመረበት ዓመት ነው፤ ቤተሰቡ ወደ ሐለብ ተሰደደ፤ እርሱም ኋላ አጎቱን ኬቮርክን ተከትሎ ኢትዮጵያ ገባ። አርባውን ብቻ የሚያውቅ ሰው እርሱን የት ያስቀምጠዋል?

ሁለተኛ፣ ትረካው ከምሕረቱ ስለሚጀምር ወንጀሉን ይጋርዳል። ልጆቹ ወላጅ አልባ የሆኑት በዕጣ ፈንታ አይደለም። የኦቶማን መንግሥት ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ አርመኖችን ከቀያቸው እያፈናቀለ ወደ ሶርያ በረሃ ነዳቸው፤ የሟቾቹ ቊጥር እስከ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። ከዚያ የተረፈን ሕፃን ባለዕዳ አድርጎ መቊጠር የአመክንዮ ግድፈት ነው፤ ዕዳ የሚኖርበት ወዶ የተበደረ ሰው ነው። ውለታ ተመለሰ ማለትም ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው፤ ሒሳቡ የተዘጋበት ሰው ደግሞ ለዘላለም እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ለውለታው ማስረጃ አድርገን የምንጠቅሰው የሙዚቃ ሥራ ራሱ ይህን ያፈርሳል። የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሲደርሱ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። አብረው የሠሩትን ነገር ከሁለቱ አንዱ ለሌላው የከፈለው ዋጋ አድርጎ ማየት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ትረካው የሰው ቊጥርን ከቅርስ ጋር ያምታታል። ማኅበረሰቡ በንጉሡ ዘመን ከአንድ ሺሕ በላይ ደርሶ ነበር፤ ደርግ ንብረት መውረሱ ብዙዎችን አሰደደ፤ ዛሬ መቶ እንኳ አይሞሉም። ይሁን እንጂ ነርሲስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገሩን ዜማ ቅኝቱን ሳይለቅ ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለሳክስፎን ሲያከፋፍል ያቆመው አሠራር ዘመናዊ ሙዚቃችንን ካነጹት መሠረቶች አንዱ ነው። ለዘሮቹ ደግሞ ቅርሱ ሁለት ነው፤ በየዓመቱ ሚያዝያ 16 የሚያስቡት በእልቂቱ የሞተ ወገን፣ እንዲሁም ተወልደው ያደጉበት፣ ዘመድ የቀበሩበት ይህ አገር። በ1920ዎቹ የታነጸው የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለት አያቶቻቸው የደረሰባቸውን መነቀል በልጅ ልጆቹ ላይ መድገም ነው።

ይህን ለመረዳት የስምጥ ሸለቆ ሰው ከማንም ይቀርባል። ልጆቹ ከጅቡቲ በባቡር ሲመጡ አዳማን አልፈው ነው አዲስ አበባ የደረሱት፤ አዳማም ያደገችው በዚያው ሐዲድ ላይ፣ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ነው። እዚህ ማንም ጎረቤቱን በአያቱ መነሻ እንግዳ አያደርገውም፤ ያንኑ መመዘኛ ለአርመኖቹ ዘሮች መንፈግ ተቃርኖ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤቶቻችን የልጆቹ ታሪክ ሲነገር ከ1907 ዓ.ም. ይጀምር፤ ዘሮቹም እንደ ታሪኩ ባለቤቶች ይናገሩበት። ቸርነታችን በዚህ አይቀንስም፤ የተቀበልነው ሰው ከምን እንደተረፈ ስናውቅ ትርጉሙ የበለጠ ይጎላል።