ገንዘቡ ለሰፈሩ ይሰጥ፤ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ይነበብ

በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባችን ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ ኅብረታችን ባለፈው ዓመት ካዘጋጃቸው የቴአትርና የስፖርት ትርኢቶች መግቢያ የተረፈው ገንዘብ ለምን ይዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። አዳራሽ አይሠራም፤ አውቶቡስም አይገዛም። ይሁን እንጂ አባሎቻችንን ለሁለት ከፍሏል። አንደኛው ወገን የዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ይደገስበት፣ ለአባሎችም ካናቴራ ይታተምበት ይላል። ሁለተኛው ወገን በግቢያችን ዙሪያ ላሉት እድሮች፣ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ስፖርት ቡድኖች በትንንሹ ተከፋፍሎ በድጎማ ይሰጥ ይላል። እኛ ከሁለተኛው ወገን ነን። ይህንም የምንለው ግብዣ ጠልተን ወይም ቸሮች ለመባል ፈልገን አይደለም። ድጎማ እንዴት ቢሰጥ እንደሚጠቅም፣ እንዴትስ ቢሰጥ እንደሚጎዳ ተማሪ ከመጽሐፍ ይልቅ በእጁ ነክቶ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው ብለን ስለምናምን ነው።

የግብዣው ደጋፊዎች የሚያነሧቸው ሦስት መከራከሪያዎች እንደ ቀላል የሚታለፉ አይደሉም። አንደኛ፣ ገንዘቡ ይበላል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሕዝቡን እጅ ጠባቂ ያደርገዋል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ይህን የምታህል ገንዘብ ምን ትፈይዳለች ይላሉ። እያንዳንዱን በተራው እንመልከተው።

ገንዘቡ ይበላል ለሚሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ለመሆኑ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ዳኛው ይመራል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ገንዘብ ያዡ የገባውንና የወጣውን ይናገራል። የቀረ ይቀጣል፤ መዋጮ ያሳለፈም እንዲሁ። ድንኳኑ ስንት ካስማ እንዳለው፣ ብርጭቆው ስንት እንደተሰበረ ሳይቀር በመዝገብ ላይ ይገኛል። አባሉ ሁሉ የገንዘብ ያዡን ቤት ያውቃል፤ ገንዘብ ያዡም ነገ ለቅሶ ሲደርስበት የሚቀብሩት እነዚሁ ሰዎች እንደሆኑ ያውቃል። ከዚህ የበለጠ ተቆጣጣሪ ከወዴት ይመጣል? የኤድስ በሽታ በጸናበት በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያሉ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ወደ መጠየቅና የሙት ልጆችን ወደ መርዳት የተሸጋገሩት ይኸው መተማመን ስለነበራቸው ነው።

ከዚያም በፊት በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ አዲስ አበባ የሚነግደውም በአገር ቤት የሚያርሰውም ከኪሱ እያዋጣ መኪና ወደማይገባበት አገር መንገድ እንዳስገቡ የታወቀ ነው። ገንዘብ መሰብሰብንና መጠበቅን ሕዝባችን ከእኛ የሚማረው አይመስለንም። እኛ ነን ከእርሱ የምንማረው።

ታዲያ ሕዝቡ ገንዘብ መያዝ ካወቀ፣ ለኅብረተሰብ ልማት ተብሎ የሚመደበው ድጎማ ወደ እርሱ የማይደርሰው ስለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለትርፍ ስላልቆሙ ማኅበሮች ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ ከገቢው ከመቶ 10 በላይ ከውጭ አገር የሚያገኘውን ድርጅት በመብት ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ፤ ብዙ ድርጅቶችም ሥራቸውን ለወጡ ወይም ተዘጉ። ይህ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ በሩ እንደገና ሰፋ። ሆኖም አዲሱም አዋጅ እድርንና እቁብን የማይመለከት መሆኑን ራሱ ይናገራል። ይህ በአንድ በኩል መልካም ነው፤ የባለሥልጣን እጅ በሰው ለቅሶ ውስጥ መግባት የለበትም። በሌላ በኩል ግን፣ የድጎማ ሰጪው ድርጅት መጀመሪያ የሚጠይቀው የምዝገባ ወረቀት ስለሆነ፣ በሰፈሩ ከሁሉ የበለጠ የሚታመነው ማኅበር ከደጅ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ወረቀት ነው። ከግቢያችን አጥር ጀርባ ያለውን የወጣቶች የኳስ ቡድን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ እሑድ እሑድ አብረነው እንጫወታለን። ይህ ቡድን ባለፈው ዓመት፣ ስሙን ከማንጠራው አንድ ድርጅት ዘንድ ለወጣቶች የሚሰጥ ድጎማ አለ ሲባል ሰምቶ ሊያመለክት ሄዶ ነበር። የፈለገው ሁለት ኳስ፣ የጎል መረብ፣ ለበረኛው ታኬታና በክረምት ውኃ የሚተኛበትን የሜዳውን ማዕዘን የሚሞላ ድንጋይና አፈር ነበር። የተሰጠው ፎርም ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ፣ በኦዲተር የተመረመረ የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና የአምስት ዓመት ዕቅድ ይጠይቃል። የቡድኑ ገንዘብ ያዥ ጎሚስታ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ነው። የእርሱ መዝገብ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በየሳምንቱ የከፈለው፣ ማሊያ ለማጠብ የወጣው፣ ለተሰበረ እግር የታከመበት ሁሉ በቀን በቀኑ ተጽፎበታል። እኛ አይተነዋል፤ ድምሩም አልተሳሳተም። ነገር ግን ያን ደብተር ማንም አላየለትም። ፎርሙን ሳይሞላ መለሰው። ከእኛ መካከል ያን ፎርም በአንድ ምሽት ሊሞላለት የሚችል ስንት ሰው ነበር! አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ጥፋቱን ሁሉ በድርጅቱ ላይ አንጭንም፤ ከፊሉ የእኛ ነው።

ወደ ሁለተኛው መከራከሪያ እንለፍ። ድጎማ ሰውን እጅ ጠባቂ ያደርጋል የሚለው አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። እውነት የሚሆነው ግን ሰጪው ራሱ አስቦ፣ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ሠርቶ፣ ሰሌዳውን ተክሎ ሲሄድ ነው። እንዲህ የተሠራ የውኃ ቧንቧ ሲሰበር መንደሩ «የእነርሱ ቧንቧ ተሰበረ» ይላል። ሌላ መንገድ ግን አለ። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል፣ በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ በተሞከረው የገጠር ውኃ ሥራ፣ መንደሩ የራሱን የውኃ ኮሚቴ መርጦ ለወረዳው ያመለክታል። ማመልከቻው ሲፈቀድ ገንዘቡ በብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይለቀቃል። ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ይቆጣጠራል። መንደሩም በበኩሉ ጉልበቱን፣ ድንጋዩንና አሸዋውን ያቀርባል፤ ለጥገና የሚሆንም ገንዘብ ያጠራቅማል። የዚህ አሠራር ፍሬ ምንጩ ብቻ አልነበረም። «ምንጫችን» የሚለው ቃልም ነበር። አሠራሩም በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፍቷል።

በትምህርት ቤቶችም በኩል ተመሳሳይ ሙከራ አለ። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ድጎማ በተማሪ ቁጥር ልክ እየታሰበ ለየትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ ተደረገ። ትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣል፤ ወላጆችና መምህራን ያሉበት ኅብረት በወጪው ላይ ይመክርበታል። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው፤ ጠመኔ ማለቁን፣ ጣሪያ ማፍሰሱን፣ ለልጃገረዶች የተለየ መጸዳጃ አለመኖሩን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እዚያው ያለው ሰው ነውና። ነገር ግን ገንዘቡ ከላይ እስከ ወረዳ፣ ከወረዳም እስከ ትምህርት ቤቱ ሲወርድ የዘገየባቸው ዓመታት ነበሩ። መስከረም ላይ የታቀደ የመጽሐፍ ግዢ ሚያዝያ ላይ ገንዘቡ ቢመጣለት ለማን ይጠቅማል? በችኮላም የሚወጣ ገንዘብ ሒሳቡ የሚበላሽ ነው። ከዚህ የምንማረው ድጎማ በሰዓቱ መድረሱ ከመጠኑ የማይተናነስ ቁም ነገር መሆኑን ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ የገንዘቡ ማነስ ነው። እዚህ ላይ ስለ በቆጂ እናስታውሳችሁ። በአርሲ ባለችው በዚህች ትንሽ ከተማ አቶ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የስፖርት መምህር ልጆችን በተራ ሜዳ ላይ ያሮጡ ነበር። ከዚያች ከተማ ደራርቱ ቱሉ ተነሥታ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ተከተሉ። ይህ የሆነው ትልቅ ስታዲየም ስለነበረ አይደለም። በየማለዳው የማይቀር አንድ መምህርና የሚሮጡበት ሜዳ ስለነበራቸው ነው። በአንጻሩ ዛሬ በየከተማው ለትልልቅ ክለቦች ደመወዝ ከሕዝብ በጀት ብዙ ገንዘብ ሲወጣ፣ የሰፈር ልጅ ግን መጫወቻው በግንብ ታጥሮበት በመኪና መካከል ኳስ ሲያንከባልል እናያለን። ከኛ አጥር ጀርባ ያለው ቡድን የዓለም ሻምፒዮን ላያወጣ ይችላል። ልጆቹ ግን እሑድን ከመጠጥ ቤት ርቀው ያሳልፋሉ፤ ለእነርሱ ሁለት ኳስና አንድ ጋሪ ድንጋይ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ገንዘቡ ይሰጥ ስንል በዘፈቀደ ይበተን ማለታችን አይደለም። ለጠቅላላው ስብሰባ የምናቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይበልጥ፤ አመልካቹም በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ። መጻፍ ለሚያስቸግረው ከአባሎቻችን አንዱ ሄዶ ከአፉ እየሰማ ይጻፍለት። የምዝገባ ወረቀት የሌለው እድር ወይም ቡድን፣ ሦስት የታወቁ ፈራሚዎችና መዝገብ ካለው ይበቃዋል።

ሁለተኛ፦ አመልካቹ የራሱን ድርሻ ያምጣ። ድርሻው ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም ጉልበት ሊሆን ይችላል። የአንድ ቀን ጉልበት በሰፈሩ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይታሰብ። ያለው ያለውን ካዋጣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የተባለው ይፈጸማል።

ሦስተኛ፦ የተፈቀደው ገንዘብ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሙሉ ይሰጥ፤ ግዢውንም እነርሱው ይፈጽሙ። ገዝተን የምንሰጥ ከሆነ የሚበላሸውም የሚሰበረውም የእኛ ይሆናል። በሥራው ላይም የኅብረታችን ስም ያለበት ሰሌዳ አይተከል።

አራተኛ፦ ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡ መጀመሪያ በእድርተኞቹ፣ በወላጆቹ ወይም በተጫዋቾቹ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ለእኛ ግልባጩ ይበቃናል። ከጉልት ለተገዛ ወይም ደረሰኝ ለሌለው አናጢ ለተከፈለ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይተካ።

ይህን ሁሉ ከሌላው ስንጠይቅ ራሳችንን እንርሳ አንልም። የእኛ የኅብረቱ ሒሳብ ባለፈው ዓመት የተነበበው በስብሰባው መጨረሻ፣ አብዛኛው ሰው ለራት ከወጣ በኋላ ነበር። የጎሚስታ ቤቱ ልጅ ደብተሩን በየሳምንቱ ለጓደኞቹ ሲያሳይ እኛ በዓመት አንድ ጊዜ ባዶ ወንበር ፊት ማንበባችን ያሳፍራል። ስለዚህ በሚመጣው ስብሰባ ከሁሉ በፊት የራሳችን ሒሳብ ይነበብ። ሰፈሩን የመመርመር መብት የሚኖረን ያን ጊዜ ነው።

የተከበራችሁ መምህሮቻችንንም እንለምናለን። የሒሳብ አያያዝ የምታስተምሩ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለየማኅበሩ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ጊዜያችሁን ብትሰጡልን፣ ከምናድለው ገንዘብ የበለጠ ድጎማ ይሆናል። የምሕንድስና መምህራንም ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ከተማሪዎቻችሁ ጋር መጥታችሁ እዩልን። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በዚያ ዘመን የነበሩትን ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ እንዲያስተምሩ ያደርግ ነበር። ከእኛ የሚፈለገው የአንድ ዓመት ጉዞ አይደለም፤ አጥሩን ዞሮ መሄድ ነው።

ግብዣ አንድ ማታ ይበላል፤ ካናቴራም በሁለት እጥበት ቀለሙን ይለቃል። ድምፅ የምንሰጥበት ቀን ሲደርስ እጃችንን ከማንሣታችን በፊት ያን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር እናስብ። ደብተሩን አንድ ሰው ቢያይለት ኖሮ፣ በዚህ ክረምት የሜዳው ማዕዘን ውኃ አይተኛበትም ነበር።