ስለ ድምፅ ማጉያ ንግድ፤ የዋትና የቮልት ቍጥር ትርጓሜ

እህል የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛኑን እንዲያስተካክል ግዴታ እንዳለበት ሁሉ፥ ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ ነጋዴም በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቍጥር ዐውቆ ለገዢው በቅን ማስረዳት ይገባዋል። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚወስነው በሣጥኑ ላይ በጉልህ የታተመው የዋት ቍጥር ብቻ ነው።

ዋት ማለት ማጉያው ለስፒከሩ የሚያቀብለው ኃይል ነው። ነገር ግን በስንት ኦም፥ በየትኛው የሞገድ ክልልና በምን ያህል የድምፅ መዛባት እንደ ተለካ አብሮ ካልተገለጸ፥ ቍጥሩ ሚዛን የሌለው ሸቀጥ ነው። ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. ተብሎ የሚጻፈው በሺህ የሚቈጠር ዋትም ማጉያው ዘወትር የሚሰጠው ኃይል አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ይህን የመሰለውን ግነት ለመግታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ደንብ አወጣ፤ በ2024 ዓ.ም. ባሻሻለው ጊዜም የቤት ማጉያዎች ኃይል በ8 ኦም፥ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፥ ከ1 በመቶ ባነሰ መዛባት እንዲለካ አዘዘ።

ሁለተኛው ቍጥር፥ ማጉያው ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት በመግቢያው በኩል የሚፈልገው ቮልት ነው። 100 ዋት በ8 ኦም የሚሰጥ ማጉያ በመውጫው 28 ቮልት ያህል ያወጣል። መግቢያው 1 ቮልት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ግማሽ ቮልት ብቻ ቢደርሰው፥ ቍልፉ እስከ መጨረሻው ቢዞር እንኳ የሚሰጠው 25 ዋት ነው። ገዢው «ዕቃው ደካማ ነው» ብሎ የሚመልሰው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ጕድለቱ ግን የማጉያው ሳይሆን ያለ አቻው የመሸጡ ነው።

ከዚህም የባሰ ስሕተት አለ። እኩል 100 ዋት ያላቸው ሁለት ማጉያዎች በሱቅ ውስጥ ጐን ለጐን ሲሞከሩ፥ በግማሽ ቮልት የሚሞላው ቍልፉ ገና ሳይዞር ይጮኻል፤ ገዢውም ብርቱው ይህ ነው ብሎ ብልጫ ይከፍልበታል። ነገር ግን የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው። ከ100 ወደ 200 ዋት መውጣትም ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለ ሆነ፥ ድምፁን እጥፍ አያደርገውም።

ስለዚህ አስመጪው ዕቃ በሚያዝበት ጊዜ፥ ዋቱ የተለካበትን ሁኔታና የመግቢያውን ቮልት አምራቹ በጽሑፍ እንዲገልጽለት መጠየቅ አለበት። ባለሱቁም ከመሸጡ አስቀድሞ ገዢው ከማጉያው ጋራ ምን መሣሪያ እንደሚያገናኝ ይጠይቅ። ባልተጣራ ቍጥር የተገኘ ትርፍ የአንድ ቀን ነው፤ የደንበኛ እምነት ግን ለልጅ የሚተርፍ ሀብት ነው።