ውሻ ፓስፖርት አለው ብላችሁ አትሳቁ

ታላቅ ወንድሜ ሀምቡርግ ነው የሚኖረው። ሁለት ውሾቹን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ ሆላንድና ቤልጂየምን አቋርጦ ፈረንሳይ ሸርቡር ወደብ ድረስ ሊነዳ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት በሚፈጅ የመኪና መርከብ አየርላንድ ሊገባ አስቧል። "አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ" ብሎ የዝግጅቱን ኤክሴል ለእኔ ጣለው። አምስት ዓመት ምህንድስና የተማርኩት ለዚህ ይመስል ቡራዩ ቁጭ ብዬ የውሻ ጉዞ ሳሰላ ሰነበትኩ።

እያንዳንዱ ውሻ ቆዳው ሥር በተቀበረች ቺፕ ላይ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር አለው። ሰማያዊ ፓስፖርትም አለው፤ ዋናው ነገሩ የእብድ ውሻ በሽታ የተከተበበት ቀን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ 21 ቀን ሳይሞላው ድንበር አይሻገርም። አየርላንድ በዚያ ላይ የትል መድኃኒት ትጠይቃለች፤ ከመድረሱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም ሰጥቶት ፓስፖርቱ ላይ መፈረም አለበት። ሰኞ የሚደርስ ሰው እሁድ ማታ ቢያስውጥ ዘግይቷል፤ የቀደመው ማክሰኞ ቢያስውጥ ቸኩሏል። ሰዓቱ ሲሳሳት የሚቀላ ሣጥን ሠራሁለት። ኮርቼበታለሁ፣ አልዋሽም።

ይህንን ለጓደኞቼ ሳወራ የመጣውን መልስ ትገምታላችሁ። "ሰው ቪዛ አጥቶ ባሕር እየበላው፣ ውሻ በመርከብ ይንሸራሸራል!" እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከኤምባሲ በር ተመልሼ ስለማውቅ ቀልዱ የእኔም ነው። ግን ቀልዱ የሚሸፍንልን ነገር አለ። ያ ፓስፖርት የቅንጦት ወረቀት አይደለም፤ ውሻው ሰው ቢነክስ ያ ሰው እንደማይሞት የሚያሳይ መዝገብ ነው። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የእኛን ቤት ውሻ ቦቢ እንለዋለን። እንደ ሰፈሩ ውሻ ሁሉ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ለጅብና ለሌባ ይለቀቃል። አንድ ቀን ማለዳ ሳይታሰር ቆይቶ የጎረቤታችንን የሰባት ዓመት ልጅ ባቷ ላይ ነከሳት። እናቷ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ እያጠበች ቀና ብላ አየችኝና "ወንድሜ፣ ተከትቧል ወይ?" አለችኝ። ጤና ጣቢያም ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር።

አላውቅም ነበር። የሀምቡርግ ውሾች የተከተቡበትን ቀን በቃሌ እወጣዋለሁ። የራሴን ውሻ ግን፣ "ድሮ አንድ ሐኪም መጥቶ ወግቶት ነበር መሰለኝ" ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም። "መሰለኝ" ለአንዲት እናት የሚነገር መልስ አይደለም። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።

ልጅቷ መርፌውን ጀመረች። ሰፈሩ ደግሞ ፍርዱን ሰጠ፦ ግደለው! ባለሙያዋ ግን "እሰረውና 10 ቀን ተከታተለው" አለችኝ። ሲነክስ በሽታውን የሚያስተላልፍ ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል፤ ደህና ከሆነ ልጅቷም ደህና ናት። ገድለን ገደል ብንጥለው ኖሮ መልሱንም አብረን እንጥለው ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ከሥራ በፊት ቦቢን ውኃ ሲጠጣ አየሁት። ጠጣ። አሁንም አለ።

ከተሞቻችን ግን የሚያውቁት ዘዴ መርዝ ነው። ዘመቻ ይደረጋል፣ ውሾች መንገድ ዳር ተዘርረው ያድራሉ፣ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ቦታውን ይይዛሉ፤ የሚበላ ቆሻሻ እስካለ ውሻ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ100 ውሾች 70 ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል ነው፤ ጅምላ ግድያን መፍትሔ አይለውም። "ድሃ አገር ነን" የሚል ይመጣል። እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራ፤ ለአንድ የተነከሰ ሰው የሚወጣው የመርፌ ዋጋ ብዙ ውሻ ያስከትባል። ድህነታችንን የሚያባብሰው በውዱ በኩል መክፈላችን ነው።

ደግሞ ዕውቀት አጥተን አይደለም። የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሰበታ ነው፣ እዚሁ ጎረቤታችን። ክትባት የሚያመርተው የእንስሳት ሕክምና ተቋም ቢሾፍቱ ነው። ጉለሌ ያለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዛሬም በሰው አፍ "ፓስተር" ነው፤ ስሙ የመጣው የእብድ ውሻ ክትባትን በ1885 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ከሞከረው ፈረንሳዊ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ አንድ አስተዳደር አንድ የውሻ መዝገብ መክፈት አያቅተውም። ቁጥር፣ የባለቤት ስልክ፣ የክትባት ቀን። ሦስት ዓምድ ነው። ከዚህ የከበደ ነገር በየቀኑ እየሠራን ደሞዝ እንበላለን።

የአውሮፓ ሰው ውሻ ስለሚወድ ነው የምትሉኝ፣ ፍቅር እዚህም አለ። ቦቢ ሲታመም እናቴ ምግብ አይበላላትም። ግን ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት በቀላሉ ከሚቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ቦቢን ልውሰድ ብል ይከተባል፣ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይመረመራል፣ ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሦስት ወር ይጠብቃል። ይህ ንቀት አይደለም፤ "መሰለኝ" የሚል ባለቤት ላለው ውሻ የሚሰጥ ተገቢ መልስ ነው።

የወንድሜን ኤክሴል ኮፒ አድርጌ የመርከቡን ዓምድ ሰረዝኩና በሰፈራችን ቤት ለቤት ዞርኩ። 14 ውሻ መዘገብኩ። አብዛኛው ሰው "ምን ሊሆን ነው?" ብሎ ሳቀ፤ አንድ አባት ግብር የሚያስከፍል መስሏቸው ውሻ የለኝም አሉኝ፣ ውሻቸው ከኋላቸው እየጮኸ። የክትባት ቀን የተሞላላቸው ሦስት ናቸው። አንዱ ቦቢ ነው። የቀሩት 11 ሣጥኖች ቀይ ናቸው።