ዩሪያ በኩንታሉ ብቻ ሳይሆን በቀኑም ይለካ

የመኸር እርሻ በተቃረበ ቁጥር የምንሰማው ዜና ተመሳሳይ ነው፦ ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ተገዛ፣ ይህን ያህሉ ጅቡቲ ወደብ ደረሰ፣ ይህን ያህሉ ወደ ክልሎች ተጓጓዘ። ገበሬው ዩሪያውን በየትኛው ሳምንት እጁ እንዳስገባ ግን ሪፖርቱ አይናገርም። የስንዴውን ምርት ከኩንታሉ ባልተናነሰ የሚወስነው ግን ይኸው ሳምንት ነው።

ለአንድ ሄክታር ስንዴ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ የተጠቀመ ገበሬ ከፊተኛው 19፣ ከኋለኛው 46 ኪሎ ናይትሮጅን ያገኛል። ኤንፒኤሱ ከዘሩ ጋር አፈር ይገባል፤ ብልሃት የሚጠይቀው ዩሪያው ነው። ቡቃያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈልገው ናይትሮጅን ጥቂት ነው። ዩሪያው በሙሉ በዘር ወቅት ከተጨመረ የሐምሌ ዝናብ አጥቦ ከሥሩ በታች ያሰርገዋል፤ ውሃ በሚያቁር ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ወደ ጋዝነት ተለውጦ ይጠፋል። ስንዴው አገዳ ይዞ አብዝቶ መመገብ ሲጀምር መሬቱ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ባለሙያዎች ከዩሪያው ሲሶውን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ከ30 እስከ 45 ቀን ቆይታችሁ ጨምሩ የሚሉት ለዚህ ነው። ያም አረሙ ከታረመ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን ነው። ሲናር በወረረው ማሳ ዩሪያ መበተን አረሙን መቀለብ ነው። ዛላው ከወጣ በኋላ የሚደርስ ዩሪያ የፍሬውን ፕሮቲን ከፍ ያደርግ ይሆናል እንጂ ምርቱን እምብዛም አይጨምርም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው።

ገበሬውን አያውቅም ብሎ መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ አጥቶ አቤቱታውን ይዞ ባሕር ዳር ድረስ የሄደ ገበሬ፣ ቀጣዩ ጭነት በጊዜው ይደርሳል ብሎ በምን ዋስትና ይመን? ያገኘውን በአንድ ጊዜ ማሳው ላይ ቢያፈስስ አይፈረድበትም።

የውጭ ምንዛሪ እጥረትን፣ የዓለም ገበያን ውጣ ውረድና የመንገድ ጸጥታ ችግርን አንዘነጋም። በሶማሌ ክልል ጎዴ የታቀደው የዩሪያ ፋብሪካም ተስፋ ሰጪ ነው። ሆኖም ዩሪያው ከጅቡቲም ይምጣ ከጎዴ፣ አርሲና ጎጃም ያለ የቀበሌ መጋዘን ዘግይቶ ከገባ ለገበሬው ልዩነት የለውም።

ስለዚህ የግብርና ሚኒስቴርና የክልል ግብርና ቢሮዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የሁለተኛው ዙር ዩሪያ ስንዴ ከመዘራቱ በፊት መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ይግባ፤ የዘር ጊዜ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይም ቀነ ገደቡ በየወረዳው ይቆረጥ፣ የስርጭት ሪፖርቱም ቀኑን ጭምር ያሳይ። ሁለተኛ፣ ገበሬው ዩሪያውን በሁለት ዙር ወስዶ በሁለት ዙር የሚከፍልበት አሠራር ይዘርጋ። ሦስተኛ፣ የቀበሌ ግብርና ባለሙያዎች ዩሪያው በሚጨመርባቸው ሳምንታት ከስብሰባና ከመዋጮ ማሰባሰብ ነፃ ሆነው ማሳ ላይ ይዋሉ።

በውድ ምንዛሪ የተገዛ ዩሪያ በጎርፍ ሲታጠብ ተጠያቂው ዝናቡ ብቻ ሊሆን አይገባም። ያዘገየውም አካል መልስ ይስጥበት!