«ትንሽ አሟት ነው»

ጓደኛችን የሚኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። 3 ሳምንት ሙሉ አዲስ አበባ እየደወለ እናቱን ሲጠይቅ ከረመ። «ጠበል ሄዳለች» አሉት። «ተኝታለች» አሉት። «ኔትወርክ የለም» አሉት (ይቺኛዋ እንኳ ሁሌም ታስኬዳለች)። አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባው።

ከቆሙት መካከል እኛም ነበርን። 3ቱንም ሳምንት እናውቅ ነበር። አብረነው ቡና ጠጥተናል፣ ቀልደናል፤ ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» እንዳይለጠፍ ስንቱን ሰው ለምነናል! ለቅሶው በረድ ሲልለት መጀመሪያ የጠየቀን «ባለፈው ቅዳሜ አብረን ስንስቅ ታውቁ ነበር?» ብሎ ነው።

መልስ አልነበረንም።

እንዳትሳሳቱ፣ መርዶን አንቃወምም። ሰው ሥራ ቦታ፣ ብቻውን፣ በስልክ የእናቱን ሞት ከሚሰማ ቤቱ፣ በወዳጅ ተከቦ ቢሰማ ይሻላል። የውብዳር በየነ በ1992 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ሐኪሞች የኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ልማድ ሲያስረዱ የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ ክፉ ወሬ በቅርብ ሰው በኩል ይድረስ። ለዚህ ሲባል አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን መደበቅ አይከፋም።

የምንቃወመው ከዚያ የሚተርፈውን ቲያትር ነው። ቲያትሩ ደግሞ የጀመረው በሞቱ ቀን አይደለም፣ በሕመሙ ነው። እናቱን ካንሰር ሲይዛቸው «ጨጓራ ነው፣ ትንሽ አሟት ነው» ተባለ። ለምን? የነርስነት ፈተና ነበረበታ! ቢሰማ ጥሎ ይመጣላ! አዎ፣ ይመጣ ነበር። ታዲያ ይህ ጥፋት ነው እንዴ? ቀብሩ በማግሥቱ ስለነበር መቼም አይደርስም፤ ከእናቱ ጋር ለመጫወት ግን 5 ወር ነበረው። ያንን 5 ወር የወሰዱበት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፣ «ለእሱው ብለን» እያሉ። መውደዳቸውን አንጠራጠርም። ግን 30 ዓመት የሞላው ሰው በፈተናና በእናቱ መካከል ራሱ ካልመረጠ ምኑን አዋቂ ሆነ?

«ልቡ አይችልም» ይሉናል። ልቡስ ችሏል። ያልቻለው እኛን ማመን ነው። አሁን እሑድ እሑድ ሲደውል «አባትህ ደህና ናቸው» ቢሉት አይሰማም፤ በቪዲዮ ካላያቸው ስልኩን አይዘጋም። ባለፈው ሳምንት ገላቸውን እየታጠቡ ነበር። እስኪወጡ 20 ደቂቃ ጠበቃቸው።