መርከቡ ነዳጅ ሲቀይር የኛ መሐንዲሶች የት ናቸው?

ወደብ የለንም፤ መርከበኛ ግን አለን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛና ቢሾፍቱ ባቦጋያ ያለው አካዳሚ ወጣቶችን ለመርከብ ሥራ ሲያሠለጥኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሞተር ክፍል በቴሌግራም ቪዲዮ የሚልክ ጓደኛ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ፣ ጩኸቱ፣ ወራት ከቤት መራቁ፣ በመጨረሻም በዶላር የሚገባው ደመወዝ።

ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ደመወዙ አይደለም። እነዚህ ልጆች የተማሩት ሞተር እየተቀየረ ነው። ለውጡ ደግሞ የሚመከርበት ቦታ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ እዚያ ቦታ ላይ ወንበር መያዛችን ነው።

መጀመሪያ ወደ ዜናው እንግባ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ በአጭሩ አይኤምኦ፣ አባል ሀገራት ለንደን ላይ ተሰብስበው ነበር። አጀንዳው መርከቦች በሚለቁት ጭስ ልክ እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ ማጽደቅ ነበር። አሜሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ አጥብቀው ተቃወሙ። በመጨረሻ በ57 ለ49 ድምፅ ውሳኔው ለአንድ ዓመት እንዲተላለፍ ሆነ። ይህን ያነበበ ሰው «በቃ፣ ነገሩ ቀረ» ቢል አይፈረድበትም።

እኔ ግን አልቀረም ባይ ነኝ። የዘገየው ሕጉ ነው፤ መርከቦቹ ግን መሠራታቸውን አላቆሙም። አንድ የጭነት መርከብ በአማካይ 25 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ዛሬ ትእዛዝ የሚሰጥ ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ2050 አካባቢ ምን ዓይነት ነዳጅ እንደሚኖር ከአሁኑ መገመት አለበት። ለዚህም ነው የዴንማርኩ ማርስክ እ.ኤ.አ. በ2023 በአረንጓዴ ሜታኖል የምትሄደውን «ላውራ ማርስክ» ሥራ ያስጀመረው። እሷ 2,100 ገደማ ኮንቴይነር የምትጭን ትንሽ መርከብ ናት። በዓመቱ ግን 16,000 የሚጭኑት ተከተሉ።

ታዲያ ሞተር ክፍል ውስጥ ምን ይቀየራል? ብዙ ነገር። የተለመደው የመርከብ ነዳጅ እሳት የሚይዝ ትነት የሚያወጣው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ነው። ሜታኖል ግን በ12 ዲግሪ ገደማ ይጀምራል፤ ማለትም በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ልክ። ነበልባሉም በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ጉልበቱ ከተለመደው ነዳጅ ግማሽ ያህል ስለሆነ ታንከሩ ከእጥፍ በላይ መስፋት አለበት። ታንከር ሲሰፋ የጭነት ቦታ ይጠባል፣ የመርከቡ ሚዛንም እንደገና ይሰላል።

አሞኒያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሲቃጠል ካርቦን የለውም፤ ጥሩ። ቢያፈስ ግን መርዝ ነው፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። አይኤምኦ አሞኒያን ለሚጠቀሙ መርከቦች ጊዜያዊ የደኅንነት መመሪያ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነው። የተሳሳተ ቫልቭ መክፈት ድሮ ወለል ማቆሸሽ ነበር፤ በአዲሱ ነዳጅ የሰው ነፍስ ሊሆን ይችላል። ያ ነፍስ የኛ ልጅ ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

እዚህ ላይ ነው የመሐንዲሶቹ ስብሰባ የሚመጣው። ለንደን ላይ ዲፕሎማቶች «ምን ይሁን» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። «እንዴት ይሁን» የሚለው የሚብላላው ግን በትንንሽ አካባቢያዊ ስብሰባዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የመርከብ ንድፍና የማሪን መሐንዲሶች ማኅበር በየአካባቢው ክፍሎች አሉት፤ ግሪክ ውስጥ ሳይቀር። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ የሠራውን ጥናት ወይም የገጠመውን ችግር ያቀርባል፣ ሌሎቹ ያፋጥጡታል።

ማፋጠጡ ዋጋ አለው። የእንግሊዝ የመርከብ ንድፍ መሐንዲሶች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ዊሊያም ፍሩድ የተባለ መሐንዲስ «ትንሽ ሞዴል በውኃ ገንዳ ጎትቼ የትልቁን መርከብ ጉልበት ማስላት እችላለሁ» ሲል፣ ጆን ስኮት ራስልን የመሰለ ስመ ጥር መርከብ ሠሪ አልተቀበለውም። ፍሩድ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1871 «ግሬይሃውንድ» የተባለችውን እውነተኛ የጦር መርከብ በገመድ አስጎትቶ ለካ፤ ከሞዴሉ ጋር አነጻጸረ። በዓመቱ ቶርኪ ከተማ ላይ የሙከራ ገንዳ ሠራ። ዛሬ ትልልቅ መርከቦች ከመሠራታቸው በፊት በሞዴል መፈተናቸው ከዚያ ክርክር የመጣ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛ ጋ ምን አለ?» ካላችሁ፣ ቅርባችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብና በአይኤምኦ አስፈጻሚነት አምስት የማሪታይም ቴክኖሎጂ የትብብር ማዕከላት ተቋቋሙ። የአፍሪካው ኬንያ ውስጥ በጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ሥራውም የመርከቦችን የነዳጅ ፍጆታ መረጃ ማሰባሰብ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ቴክኖሎጂ መሞከርና የአካባቢውን ባለሙያዎች ማሠልጠን ነው። ለኛ ጎረቤት ማለት ነው።

አውቃለሁ፣ እኛ ሀገር «ስብሰባ» ሲባል አበል፣ ሻይ ዕረፍትና የቡድን ፎቶ ነው ትዝ የሚለን። ቅሬታው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን መፍትሔው ከስብሰባ መቅረት ሳይሆን ትክክለኛውን ሰው መላክ ነው። ሞተር ነክቶ የማያውቅ ኃላፊ ሄዶ ብሮሹር ይዞ ከሚመለስ፣ ተማሪ ፊት የሚቆመው አሠልጣኝ ሄዶ ጥያቄ ይዞ ይመለስ።

«ባሕር ለሌለው ሀገር ቅንጦት ነው» የሚሉም አሉ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። የመርከብ ድርጅታችን እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የገቢና ወጪ ዕቃችን በጅቡቲ በኩል ያልፋል። የመርከብ ነዳጅ ሲወደድ የማጓጓዣ ዋጋ ይጨምራል፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክም ዋጋው ከዚያ አያመልጥም።

ሥራውን ደግሞ እንየው። ዲኤንቪ የተባለው የኖርዌይ የመርከብ ምደባ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ እስከ 2030ዎቹ አጋማሽ ድረስ እስከ 800,000 የሚደርሱ መርከበኞች በአዲስ ነዳጅ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ሊያስፈልጋቸው ይችላል ብሏል። ይህ ለኛ ስጋትም ዕድልም ነው። ቀጣሪው የሚያየው ፓስፖርት ሳይሆን የሥልጠና ወረቀት ነው። እንደ ፊሊፒንስና ህንድ ካሉ ትልልቅ የመርከበኛ ምንጮች ጋር በቁጥር መወዳደር አንችልም። በአዲሱ ነዳጅ ቀድሞ መሠልጠን ግን እንችላለን፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ብዙው ዓለም ገና ጀማሪ ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ማሠልጠኛዎቻችን ከኬንያው ማዕከል ጋር ቋሚ ግንኙነት ይፍጠሩ። በየዓመቱ ቢያንስ አንድ አሠልጣኝና አንድ መርከብ ላይ የቆየ መሐንዲስ ወደ አካባቢያዊ ስብሰባ ይላኩ፤ ሲመለሱ የሰሙትን ለተማሪ በይፋ ያቅርቡ። መርከብ ላይ ያላችሁ ልጆችም ከሞተር ክፍል የምታዩትን ችግር ጻፉት። እንዲህ ባለ ስብሰባ የሚፈለገው ጥናት በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ አለቃ እስኪልካችሁ አትጠብቁ። እንዲህ ያሉ ማኅበራት የተማሪ አባልነት አላቸው፤ በኢንተርኔት የሚያስተላልፏቸው ገለጻዎችም አሉ። ለአንድ ሰዓት ገለጻ የሚሆን ዳታ ቲክቶክ ላይ በአንድ ምሽት የምንጨርሰው ነው። ገለጻው ሲያልቅ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛችሁ ቢንተፋተፍም ግድ የለም። ሜታኖል በጫነ መርከብ ላይ ነገ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።