ርዕሰ አንቀጽ፦ ሪህን ስናስታግስ ኩላሊታችንን እንዳንጎዳ



እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የሚለጠፈው ስለ ጽዳት፣ ስለ ሌሊት ጥበቃ፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ስብሰባ ቀን ነው። ዛሬ ግን ስለ ጤና ልንጽፍ ተነሥተናል። ምክንያቱም በየቤታችን «ሪህ ነው፤ ያልፋል» እየተባለ የሚታለፈው ሕመም ከኩላሊት ጋር ብርቱ ግንኙነት አለው። ይህን ባለማወቅም ብዙ ሰው ሕመሙን አስታገስኩ ሲል ኩላሊቱን ይጎዳል። በወቅቱ መናገር የማኅበሩ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንነጋገር። በኛ ዘንድ ሪህ የሚለው ስም የማይገባበት ቦታ የለም። ወገቡን ያመመውም፣ ጉልበቱን የቆረጠመውም፣ ብርድ የመታውም «ሪህ ይዞኛል» ይላል። እዚህ ላይ የምንናገረው ግን ሐኪሞች ጋውት ስለሚሉት ሪህ ነው። ይህ ሪህ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ሥር ነው። ሰውየው ደህና ተኝቶ ሌሊት በድንገት ይነሣበታል። ጣቱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ እንደ እሳት ይፋጃል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው አያስችለውም። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተወውና «ዳንኩ» ሲል፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እየቆየ ሲሄድም ቁርጭምጭሚትን፣ ጉልበትንና የእጅ ጣትን ይይዛል።

መነሻው ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ነው። ይህም ሰውነታችን ያረጁ ሕዋሳትን ሲያፈርስና አንዳንድ ምግቦችን ሲፈጭ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው። ከዚህ ቆሻሻ ውስጥ ከ3 እጅ 2ቱን ያህል በሽንት የሚያስወጣው ኩላሊት ሲሆን፣ የቀረው በአንጀት በኩል ይወጣል። ኩላሊት ሲደክም ቆሻሻው በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛም እንደ መርፌ የሾለ ጥቃቅን ቅንጣት እየሆነ በመገጣጠሚያ ላይ ይቀመጣል። ያ ሁሉ ሥቃይ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሰፈራችንን ነገር ምሳሌ ብናደርግ፣ የቆሻሻ መኪና ሳይመጣ የቀረ ሳምንት ደጃፉ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ቆሻሻ የማያወጣ ቤት የለም፤ ችግሩ የሚፈጠረው አንሺው ሲያቅተው ነው።

ስለዚህ «ሪህ የሥጋ በላተኛ በሽታ ነው» የሚባለው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን ጎደሎ ነው። እርግጥ ነው፣ ሥጋ ማብዛት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት፣ ቢራና አረቄ፣ ስኳር የበዛበት ለስላሳም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ በአብዛኛው ሪህ ባለበት ሰው ላይ ዋናው ችግር ኩላሊቱ ዩሪክ አሲዱን በበቂ መጠን አለማስወጣቱ ነው። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ የሚያይ ድሃም በሪህ ይያዛል። ሴቶችም የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይይዛቸዋል። እንግዲህ ሪህ የያዘውን ጎረቤት «ቁርጥ አበዛህ» እያሉ ማሾፍ ይቅር። ሽሮና ምስርን መፍራትም አያስፈልግም፤ ከጥራጥሬ የሚገኘው እንደ ሥጋው ሪህን እንደማያስነሣ በጥናት ታይቷል።

ሪህ ያለበት ሰው የኩላሊት ሕመም የማግኘት ዕድሉ ከሌለበት ሰው ይበልጣል። ዩሪክ አሲዱ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ሊሠራ ይችላል። ደግሞም ኩላሊትን በዋናነት የሚጎዱት የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ከሪህ ጋር አብረው መገኘት ያዘወትራሉ። ከሁሉ የሚከፋው ኩላሊት ሲታመም ዝም ማለቱ ነው። ጥርስ ያማል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ኩላሊት ግን አብዛኛው አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ምንም ላይናገር ይችላል። እግር ማበጥ፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ነገሩ መሽቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንድ ሰው ሪህ ሲነሣበት ምን ያደርጋል? ልጁን ወደ መድኃኒት ቤት ይልካል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን ያለ ማዘዣ ተገዝቶ ይመጣል። ወይም ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ብሎ ከራሱ ኪኒን ያካፍላል። መቼም ጎረቤት የሚሰጠው ለደግ ነው። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ሐኪም አይቶ ለጥቂት ቀን ቢያዝዛቸው የሚጠቅሙ ናቸው። ኩላሊቱ ለደከመ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ የደም ግፊት ኪኒን ለሚወስድ፣ ወይም በተቅማጥና በትውከት ውኃ ላለቀበት ሰው ግን አደገኛ ናቸው። በመርፌ ቢወሰዱም ያው ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደሚዞር ልብ በሉ። የደከመ ኩላሊት ሪህን ያመጣል። ሪህ ወደ ኪኒን ይወስዳል። ኪኒኑ ኩላሊቱን ይበልጥ ያደክማል። ሪሁም ብሶበት ይመለሳል። ሰውየው ግን ሕመሙ ስለታገሠለት ብቻ መድኃኒቱን ያመሰግናል።

«ታዲያ በሥቃይ እንሙት ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ሐኪም ሌላ መንገድ አለው የሚል ነው። ኮልቺሲን የተባለውን በኩላሊት አቅም ልክ ቀንሶ፣ ወይም ፕሬድኒሶሎንን የስኳርና የግፊት ሁኔታ አይቶ ለጥቂት ቀን ይሰጣል። ሪሁ ለሚመላለስበት ሰው ደግሞ አሎፑሪኖል የሚባል ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት አለ። ኩላሊቱ ለደከመም ቢሆን በጥንቃቄ ይሰጣል። በቀን ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ፣ ኩላሊት ለደከመበትም ከዚያ ባነሰ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ግቡ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪህ ሊነሣ ስለሚችል ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ለሐኪሙ መንገር እንጂ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እስቲ ደግሞ ወጪውን እናስላ። ኩላሊት ጨርሶ ሲቆም የሚቀረው እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል መሣሪያ ላይ መዋልን ይጠይቃል፤ እሱም ዕድሜ ልክ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ፈቃደኛና የሚስማማ ለጋሽ መገኘት አለበት። ለታመመ ጎረቤት መዋጮ ማሰባሰብ ባህላችንና ኩራታችን ነው፤ ወደፊትም እናደርገዋለን። ግን ለእጥበት የሚዋጣው ገንዘብ የአንዱን ቤት ጥሪት ጨርሶ ወደ ጎረቤት የሚሻገር ሲሆን፣ ለምርመራ የሚወጣው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። በሽታን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ በላይ በተገለጸው ምክንያት ነዋሪዎች የሚከተለውን እንዲፈጽሙ አጥብቀን እናሳስባለን።

1ኛ/ ሪህ ተነሥቶበት የሚያውቅ ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ለክሪያቲኒን፣ ሽንቱን ለፕሮቲን ይመርመር፤ የደም ግፊቱንና ስኳሩንም ይለካ። የጤና መድን ደብተር ያላችሁ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት፤ ለዚሁ ነው የወጣው።

2ኛ/ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሕመም ማስታገሻ አትግዙ፤ ለሌላ ሰው የታዘዘ ኪኒንም አትዋዋሱ። መድኃኒት ቤት ስትገቡ «ኩላሊት፣ ግፊት ወይም ስኳር አለብኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

3ኛ/ የግፊት መድኃኒት ሆነው ሽንት የሚያበዙ፣ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ ያሉ ኪኒኖች ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ሰምታችሁ ግን ኪኒኑን እንዳታቆሙ። ለሐኪሙ ንገሩት፤ መለወጥ ካለበት እሱ ይለውጠዋል።

4ኛ/ ውኃ በደንብ ጠጡ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ወይም ያበጠ ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ጾም ሲፈታ ሥጋና መጠጥ በአንድ ቀን አታግበስብሱ።

5ኛ/ መገጣጠሚያ አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለው፣ ሪህ ሳይሆን ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ይኬድ።

ማኅበሩ በበኩሉ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ፣ ከአካባቢያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በስብሰባ ቀን የደም ግፊት የሚለካበትን ሁኔታ ለአባላት ውሳኔ ያቀርባል። ዓይናቸው የደከመ አረጋውያን ይህን ጽሑፍ ቆመው ማንበብ ስለሚቸግራቸው፣ ወጣቶች ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ቤት ወስዳችሁ በቃል እንድታስረዱልን አደራ እንላለን። እግረ መንገዳችሁንም አልጋው ራስጌ ላይ የተቀመጠው ኪኒን ምን እንደሆነ ተመልከቱ።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት